አይሲ 50 ምንድን ነው? ዕጣን በካንሰር ሴል ላይ ሲፈተን

«ዕጣን የካንሰር ሴል እንደሚገድል ተረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ሳታዩ አትቀሩም። ነገሩ ውሸት አይደለም። ግን ስንት ዕጣን? ይህን የሚመልሰው አይሲ 50 የሚባለው ቁጥር ነው።

አይሲ 50 በላብራቶሪ የሚያድጉ ሴሎችን በግማሽ ለመቀነስ የሚያስፈልገው የንጥረ ነገር መጠን ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ንጥረ ነገሩ ይበልጥ ኃይለኛ ነው ማለት ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። የዕጣኑ ሙጫ ይፈጭና ይሟሟል። ውኃ በደንብ ስለማያሟሟው አልኮል ወይም ዲኤምኤስኦ የሚባል ፈሳሽ ይጠቀማሉ። ከዚያ 96 ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሏት የፕላስቲክ ሳህን ላይ የካንሰር ሴሎች ይደረጋሉ። ሙጫው በየጉድጓዱ እየቀጠነ፣ በተለያየ መጠን ይጨመራል። አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይቆያል። በመጨረሻ ኤምቲቲ የተባለ ቢጫ ቀለም ይገባል። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል፤ የሞተ ሴል አይችልም። ሐምራዊው በደመቀ ቁጥር ብዙ ሴል ተርፏል። ዘዴው በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ እስካሁን አልተተወም።

እዚህ ጋ ጉድ የሚሠሩ ነገሮች አሉ። ዲኤምኤስኦ ራሱ ሲበዛ ሴል ይገድላል። ስለዚህ ሙጫ የሌለበት፣ ማሟሟያው ብቻ የገባበት ጉድጓድ ጎን ለጎን ካልተፈተነ ውጤቱን አልቀበልም። አንዳንድ የዕፅዋት ጭማቂ ደግሞ ሴል በሌለበትም ኤምቲቲን ሐምራዊ ያደርጋል። ያኔ የሞተው እንዳልሞተ ይቆጠራል።

ቁጥሩ ከተገኘስ? ገና ላልተጣራ የዕፅዋት ውሕድ በሚሊሊትር ከ20 ወይም ከ30 ማይክሮግራም በታች ሲሆን ብዙ ተመራማሪዎች «ይህ ይታይ» ይላሉ። 300 ከሆነ እኔ በበኩሌ አልደነቅም። ጤነኛ ሴልስ? በዚያው መጠን እሱም ከሞተ የተገኘው መርዝ እንጂ መድኃኒት አይደለም። በየፌስቡኩ የሚዘለለው ጥያቄ ይኼ ነው።

ሌላው ሆድ ነው። በዕጣን ውስጥ ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ቦስዌሊክ አሲድ የሚባሉት ናቸው። ሲዋጡ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፉት በጥቂቱ ብቻ ነው፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ይሻላል። ሳህኑ ላይ የሠራው መጠን ዕጢው ጋ ላይደርስ ይችላል። ቡና ላይ የሚጨሰውማ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፤ የተፈተነው ጭስ አይደለም።

በሰው ላይም ተሞክሯል። በ2011 በወጣ የጀርመን ጥናት 44 የአንጎል ዕጢ ያለባቸው ሰዎች ጨረር ሲወስዱ ገሚሶቹ በቀን 4,200 ሚሊግራም የሕንድ ዕጣን ውሕድ ተሰጣቸው። ዝርያው ከመተማውና ከትግራዩ ዕጣን ይለያል። የአንጎላቸው እብጠት ከሌሎቹ በግልጽ ቀነሰ። እብጠቱ ነው እንጂ ካንሰሩ ዳነ አልተባለም።

ከላብራቶሪ ተነሥቶ መድኃኒት እስከ መሆን የዘለቀ ሌላ ሙጫም አለ። ሜይአፕል ከሚባለው የአሜሪካ ተክል ሥር የሚወጣው ሙጫ ፖዶፊሎቶክሲን አለው። የካንሰር ሴል ይገድላል፤ ሰውንም ክፉኛ ይመርዛል። ኬሚስቶች ሞለኪዩሉን ለወጥ አድርገው ኢቶፖሳይድን ሠሩ። በ1983 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ዛሬ ለሳንባና ለዘር ፍሬ ካንሰር ይሰጣል።