ቦል ፓይተን፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያሳድግ ሰው

ዘንዶ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የደብረ ዳሞው ነው፤ አቡነ አረጋዊን ወደ አምባው አወጣ የሚባለው። በአገራችን ቆላ የሚኖረው ትልቁ የአፍሪካ ዘንዶም ፍየል የሚውጥ ግዙፍ ነው። ቦል ፓይተን የእሱ ትንሽ ዘመድ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን አይገኝም። አገሩ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ያለው ሣራማና ቁጥቋጧማ ምድር ነው። ሴቷ ብዙ ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ትረዝማለች። ወንዱ አንድ ሜትር አካባቢ ነው። መርዝ የለውም። ሲፈራ አይሸሽም፣ አይናከስም ማለት ይቻላል፤ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። ቦል የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ሮያል ፓይተን ይሉታል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፓይተን ሬጂየስም ንጉሣዊ ማለት ነው።

ቤኒን ውስጥ ኡይዳ በምትባል ከተማ ይህ እባብ የተከበረ ነው። ከካቶሊክ ባዚሊካው ፊት ለፊት የዘንዶዎች ቤተ መቅደስ አለ። እባቦቹ ወጣ ብለው ሰው ቤት ቢገቡ የሚገድላቸው የለም፤ በክብር ይመለሳሉ። ያው አካባቢ ግን ዋናው የንግድ ምንጭም ነው። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ለረጅም ዓመታት ብዙ እባብ ወደ ውጭ ተልኳል፤ ያረገዙ ሴት እባቦችና እንቁላሎች ከጉድጓድ እየተቆፈሩ ይወጣሉ። ስለዚህ አሜሪካም ሆነ አውሮፓ የምትገዙ ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ «እዚሁ ነው የተፈለፈለው?» የሚል ይሁን። ከዱር የመጣው ብዙ ጊዜ ጥገኛ ተባይ ይዞ፣ ደንግጦ ነው የሚመጣው። ምግብም እምቢ ይላል። እዚህ ላይ ዋጋ ቀነሰልኝ ማለት አያዋጣም።

ስለዚህ እንስሳ አንድ ነገር ብቻ ይነገር ብባል ይህን እላለሁ፤ የጉድጓድ ፍጥረት ነው። በዱር ቀኑን የሚያሳልፈው አይጥ በቆፈረችው ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ነው። የሚወጣው ሲመሽ ነው። አዲስ ገዢ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ሰፊ የመስታወት ሳጥን ይገዛል፣ ሳሎን መሃል ያስቀምጠዋል፣ መብራት ያበራበታል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወጣዋል። ከዚያ «አልበላልኝም» ይላል። እንዴት ይብላ! መደበቂያ የለውም እኮ።

ቢያንስ ሁለት መደበቂያ ያስፈልገዋል፤ አንዱ በሞቃቱ ጫፍ፣ ሌላው በቀዝቃዛው። ጠባብ ይሁኑ። ተጠቅልሎ ሲገባ ሰውነቱ ግድግዳውን መንካት አለበት፤ ደህና ነኝ የሚለው ያኔ ነው። በአንድ በኩል ብቻ ካደረጋችሁለት ግን ከሙቀትና ከመደበቅ አንዱን እንዲመርጥ አስገደዳችሁት ማለት ነው። ሞቃቱ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀዝቃዛው ከ25 እስከ 27 ቢሆን ጥሩ ነው። ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) በፍጹም አይሰካ። እባብ የጋለ ነገር ላይ ተኝቶ ሆዱ ሲቃጠል ዝም ብሎ ሊቆይ ይችላል። የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ገደማ ይሁን፤ ከሥር የኮኮናት ልጣጭ ጉዝጓዝ ቢደረግለት እርጥበቱን ይይዛል። ክዳኑ በደንብ ይቆለፍ። ቀዳዳ ካገኘ ይወጣል።

ቤት እንደገባ ለአንድ ሳምንት አትንኩት። ውሃ ቀይሩለት፣ ተዉት። ከዚያ ምግብ ስጡት። የሚመረጠው በረዶ ሆኖ የሚሸጥ አይጥ ነው፤ በሕይወት ያለች አይጥ እባቡን ነክሳ ልታቆስለው ትችላለች። መጠኗ ከእባቡ ወገብ ወፍራሙ ቦታ አይብለጥ። በረዶዋ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፤ ከዚያ ሙቅ ውሃ ላይ አሙቋት። ከንፈሩ ላይ ያሉት ትናንሽ ጉድጓዶች ሙቀት ይለያሉና ቀዝቃዛ አይጥ ለእሱ ምግብ አትመስለውም። ማታ፣ መብራቱን ቀንሳችሁ፣ በረጅም መቆንጠጫ አቅርቡለት። መጀመሪያ አፍንጫው ብቻ ከመደበቂያው ብቅ ይላል። ምላሱ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይገባል። አንገቱ ይታጠፋል። ከዚያ ዓይን ሳይከተለው ይወነጨፋል፣ ይጠመጠማል። የሞተች አይጥ ብትሆንም አጥብቆ ይይዛታል፤ ከዚያ ፈልጎ ፈልጎ ከጭንቅላቷ በኩል መዋጥ ይጀምራል። ከበላ በኋላ ለሁለት ቀን አታንሱት፤ ያስመልሰዋል።

አንዳንዴ ደግሞ አይበላም። ሳምንታት፣ አልፎ ተርፎም ወራት። በተለይ ወንዱ በመራቢያ ወቅት። ሰው በጣም ይጨነቃል፤ ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን መጀመሪያ ሙቀቱንና መደበቂያውን እዩ። ከዚያ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፣ ጻፉት። ጤነኛ ትልቅ እባብ ሳይበላ ቆይቶም ክብደቱ ብዙም አይወርድም። እየከሳ ከሄደ፣ ወይም ገና ጫጩት ከሆነ፣ ሐኪም ይየው። ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ ወይም አረፋ ከታየ ደግሞ ቀጠሮ ለነገ አይባልም። ተሳቢ እንስሳ የሚያክም ሐኪም በየሰፈሩ ስለማይገኝ፣ እባቡ ከመገዛቱ በፊት ፈልጋችሁ ያዙ።

ቆዳውን ሊለውጥ ሲል ዓይኖቹ ወተት የገባባቸው ይመስላሉ። በዚያ ሰሞን በደንብ አያይምና አትረብሹት። ከቀናት በኋላ ዓይኑ ይጠራል። ከዚያ ከንፈሩን እንጨት ላይ ያሻል፤ አሮጌው ቆዳ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ይወልቃል። ደህና ከሆነ አንድ ወጥ ሆኖ ነው የሚገኘው። አንሡትና በብርሃን እዩት፤ የዓይኑ ሽፋንና የጅራቱ ጫፍ አብረው መውጣታቸውን አረጋግጡ። ቆዳው ተቆራርጦ ከወጣ እርጥበት አንሷል ማለት ነው። የቀረውን በጣት አትላጡ።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር። አርቢዎች ብዙ ዓይነት መልክ አውጥተዋል፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ። ስፓይደር የሚባለው ግን ከመልኩ ጋር የነርቭ ችግር ይዞ ይወለዳል፤ ጭንቅላቱ ይወዛወዛል፣ አንዳንዱ ምግቡን እንኳ ስቶ ይነድፋል። እኔ ማንም እንዲገዛው አልመክርም። ለጀማሪ ቡናማው፣ የተፈጥሮው መልክ ይበቃል። ያምራልም።

እባብ ሳልሞኔላ የሚባል፣ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ከነካችሁት በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ አለበት። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባይነካው ይሻላል። የቤት አከራይንና የአካባቢውን ሕግ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለምሳሌ ሃዋይ ውስጥ ማንኛውም እባብ ለቤት ማሳደጊያ ክልክል ነው።

ዕድሜው ረጅም ነው። በደንብ ከተያዘ ከ20 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። ሴንት ሉዊስ የአራዊት ማቆያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የኖረች አንዲት ቦል ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2020 እንቁላል ጥላለች። ያኔ ዕድሜዋ ከ60 አልፎ ነበር፤ ወንድ ካገኘችም ቢያንስ 15 ዓመት ሆኗት ነበር።