ያልታየ ሁሉ አልሞተም፦ ስለ ነጭ ዓሣ ጫጩቶች ክትትል የሚነገሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ ክትትል በተነሳ ቁጥር አንድ ስሌት ይመጣል፦ «300 ጫጩት ምልክት አድርገን ለቀቅን እንበል። ወንዙ ላይ የተተከለው ማንበቢያ 120 ብቻ አየ። ስለዚህ 180ው አልቋል።» ምልክቱ ጫጩቱ ሰውነት ውስጥ የሚገባ ትንሽ ቺፕ ነው፤ ማንበቢያው ደግሞ ቺፑ በአጠገቡ ሲያልፍ በአንቴናው አይቶ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። ስሌቱ ስህተት ነው። የተማረውም ያልተማረውም ስለሚደጋግመው ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በቅድሚያ ግን ትንንሾቹን ስህተቶች እናጥራ። የዓመት ቁጥሮቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ነጭ ዓሣም እንደ ቀረሶ (ቲላፒያ) ዳር ዳሩን ይራባል።» ቀረሶ እውነትም ዳር ላይ ይራባል፤ እንቁላሉንም እናቲቱ በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች። ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግን ቢያንስ ሰባቱ ክረምት ሲገባ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭንና ድርማን የመሳሰሉ ወንዞችን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት፣ ጥርት ያለ ውሃ በሚፈስበት ገባር ላይ ነው። ደለል ያፈነው እንቁላል አይፈለፈልም።

«እንደ ሳልመን ወልዶ ይሞታል፤ ወንዝ አፍ ላይ ቢያዝ ምንም አይደል።» ወልዶ የሚሞተው የፓሲፊክ ሳልመን ነው። ነጭ ዓሣ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ በሌላው ክረምትም ይወጣል። ነሐሴ ላይ የወንዝ አፍ በመረብ ሲዘጋ የሚጠፋው የአንድ ዓመት ጫጩት ብቻ አይደለም።

«ነጭ ዓሣን የጨረሰው እምቦጭ ነው።» እምቦጭ ጣና ላይ የታወቀው በ2011 ነው። የነጭ ዓሣ ምርት ግን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ በክብደት 75 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር፤ የሞተር ጀልባና የመረብ ማስገር የገባው ደግሞ ከ1986 ጀምሮ ነው። እምቦጭ የራሱ ጥፋት አለው፤ ይህኛው ግን የእሱ አይደለም።

«ጂፒኤስ ይታሰርበት።» የጂፒኤስ ሞገድ ውሃ ውስጥ አይገባም።

«ጫጩቶቹ በጎርፉ ተጠርገው ወዲያው ሐይቅ ይገባሉ።» ይህ ስህተት ብዙ ጉዳት ያስከትላል። ጫጩቶቹ ውሃው ከጎደለ በኋላም በወንዙ ኩሬዎች ውስጥ ይቆያሉ፤ ወደ ሐይቁ የሚወርዱት ቀስ በቀስ ነው። ፎገራ ላይ ለሽንኩርት የሚተከለው የውሃ ፓምፕ፣ ከወንዝ የሚወጣው አሸዋ፣ ዓሣ ለመመረዝ ኩሬ ውስጥ የሚጣለው የብርብራ ዱቄት፣ ሁሉም የሚያገኛቸው በዚሁ ወቅት ነው። ክትትሉን በጥቅምት የሚዘጋ ሰው አደጋው ሳይደርስ መዝገቡን አጥፎ ሄደ ማለት ነው።

«ምልክት ለየትኛውም ጫጩት ይሆናል።» አይሆንም። ለትንሽ ዓሣ የሚስማማው ባትሪ የሌለው፣ በመስታወት የታሸገ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቺፕ ነው፤ ክብደቱ 0.1 ግራም ገደማ ነው። አሜሪካ ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ለአደጋ የተጋለጡ የሳልመን ጫጩቶችን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚከታተሉት በዚህ ዓይነት ቺፕ ነው። ምልክቱ ከዓሣው ክብደት 2 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለውን የቆየ ልማድ ከያዝን ጫጩቱ ቢያንስ 5 ግራም መሆን አለበት። ከዚያ በታች ያለውን መልቀቅ ነው፤ ቁጥር ለመሙላት ተብሎ የሚወጋ ጫጩት ውጤቱን ያበላሻል።

አሠራሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጫጩቱ ከመወጋቱ በፊት በቅርንፉድ ዘይት ይደነዝዛል። የቅርንፉድ ዘይት ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ 1 ሚሊ ሊትር ዘይት ከ9 ሚሊ ሊትር አልኮል ጋር ይበጠበጣል፤ ከዚህ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሊትር በ10 ሊትር የወንዝ ውሃ ላይ ይጨመራል። ጫጩቱ ሚዛኑን ስቶ በጎኑ ሲተኛ ይወጣል። የስንጥቡ (የመተንፈሻው) እንቅስቃሴ ከቆመ ግን ቆይቷልና ወዲያውኑ ወደ ንጹህ ውሃ ይመለስ። ቺፕና መርፌ በ70 በመቶ አልኮል ይነከራሉ፣ በንጹህ ውሃ ይታጠባሉ። የሚወጋው ሆዱ ላይ፣ ከመሐል መስመሩ ትንሽ ወደ ጎን፣ ከሆድ ክንፎቹ ፊት ነው፤ መርፌው ጠልቆ ከገባ አንጀት ይበሳል። እጅ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን፤ ደረቅ እጅ ልጋጉን ይገፍፈዋል፣ ከዚያ ሻጋታ ይከተላል። ሥራው በጠዋት ይሠራ፤ ቀትር ላይ ውሃው ሲሞቅ ኦክስጅን ያንሳል። ከዚያ 24 ሰዓት በወንዙ ውስጥ በተተከለ የመረብ ቤት ይቆዩ፣ የሞተውና ቺፑን የጣለው ይቆጠር፣ የተረፉት ሲመሽ ይለቀቁ፤ በቀን ዓሣ በል ወፍ ያደባባቸዋል።

«ድፍርስ ውሃ ማንበቢያውን ያሳውረዋል።» ጭቃ ይህን ቺፕ ከመነበብ አያግደውም። የሚያግደው ብረት ነው፦ የድልድይ ፌሮ፣ ድንጋይ የሚታጨቅበት የጋቢዮን ሽቦ፣ የብረት ቱቦ። አንቴናውን ከእነሱ አርቁ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ «ያልታየ ሞቷል» ወደሚለው።

ማንበቢያ ያላየው ጫጩት ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳይታይ አልፎም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ከታች ሁለተኛ አንቴና ያስፈልጋል። የላይኛውን «ሀ»፣ የታችኛውን «ለ» እንበል። 300 ተለቀቀ፣ «ሀ» 120 አየ፣ «ለ» 90 አየ። «ለ» ካያቸው 90 ውስጥ «ሀ» ያያቸው 60 ናቸው። ዘጠናውም «ለ» የደረሱት በ«ሀ» አልፈው ነው፤ ስለዚህ «ሀ» በፊቱ ካለፉት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው የሚያየው። 120ን ለሁለት ሦስተኛ ብናካፍል 180 ይመጣል። በሕይወት «ሀ» የደረሰው 40 በመቶ ሳይሆን 60 በመቶ ነው። ይህን አስተሳሰብ ኮርማክ፣ ጆሊና ሴበር በ1964 እና በ1965 በሒሳብ ቀምረውታል፤ ዛሬ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች ይሠሩታል። መሠረቱ ግን ከላይ ያለው ማካፈል ነው፤ በወረቀት ይወጣል።

የመጨረሻው አንቴና ከበስተኋላው የሚመሰክርለት ስለሌለ፣ እስከ እሱ ያለው መትረፍና የእሱ የማየት አቅም ተጣብቀው ይቀራሉ። ወንዝ አፍ ላይ አንድ አንቴና ብቻ ተክሎ «ሐይቅ የገባው ይህን ያህል ነው» ማለት ስለዚህ አይቻልም። ሁለት ይሁኑ፣ ጥቂት ተራርቀው።

ስህተቱ ይበልጥ የሚጎዳው በእኛ ወንዞች ላይ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ቺፕ የሚነበበው በቅርብ ነው፤ ወለል ላይ የተነጠፈ አንቴና ከግማሽ ሜትር በላይ ብዙም አያነብም። ጉማራ በነሐሴ ሲሞላ ጫጩቱ ከአንቴናው በላይ ተንሳፍፎ ያልፋል። በዚያው ወር ሰማዩ ደመና ስለሆነ ሶላሩ ባትሪውን አይሞላም፣ አንቴናው ሌሊት ይጠፋል፣ ግንድና ገለባ ገመዱን ይቆርጣል። ማንበቢያው በደከመበት ሰሞን ሁሉ «ጎርፉ ጨረሳቸው» ይባላል። ውሃው ጎድሎ ማንበቢያው ሲያገግም ደግሞ «አሁን ተረጋጉ» ይባላል፤ በፓምፕና በመረብ የሚያልቁት ግን ያን ጊዜ ነው። ጥፋቱ ከሰው ላይ ተነስቶ ጎርፍ ላይ ይጫናል፣ ጥበቃውም በማይጠቅም ወር ላይ ይውላል። የምንናደደው በዚህ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከአንቴናው አጠገብ ራሱን በየሰዓቱ የሚያሳይ መሞከሪያ ቺፕ ይታሰር፤ የእሱ ምዝገባ የተቋረጠበት ሰዓት አንቴናው የሞተበት ሰዓት ነው። የውሃው ከፍታ በየቀኑ ይጻፍ፣ የማየት አቅሙም ለሙሉ ውሃና ለጎደለ ውሃ ለየብቻ ይሰላ። ለክረምት ሁለት ባትሪ ተለዋጭ ይያዝ። ታኅሣሥና ጥር ላይ በእጅ የሚያዝ ማንበቢያ ይዞ ኩሬ ለኩሬ መሄድም ግድ ነው፦ «ጠፋ» የተባለው ጫጩት እዚያ ተቀምጦ ይገኛል። በሁለትና በሦስት ዙር አንዲት ቦታ ላይ ሳይንቀሳቀስ የሚነበብ ቺፕ ግን የሞተ ዓሣ ወይም የወደቀ ቺፕ ሊሆን ይችላል። ሽቅብ ወንዙን ሲወጣ የሚታይ ቺፕም ዓሣ በል በሆነው አምባዛ ሆድ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ በሕይወት ከሚቆጠሩት ጋር አይደመር።

በአስጋሪ መረብ የሚያዘውም እንዲሁ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ቺፑ ከውጭ አይታይም፤ አስጋሪው ቢያገኘውም መረቡን እንዳይቀሙት ፈርቶ ይጥለዋል። ስለዚህ ማንበቢያው ዓሣ ወደሚራገፍበት ቦታ ይሂድ፣ ከሚራገፈው ውስጥ ስንት እንደተፈተሸ ይመዝገብ፣ የተያዘበት ቦታና የመረቡ ዓይን ስፋት ይጠየቅ፤ የአስጋሪው ስም ግን አይጻፍ።