የማኅበረሰብ ጥምረት ለሱስ መከላከል፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የማኅበረሰብ ጥምረት ማለት ትምህርት ቤት፣ ጤና ተቋም፣ ፖሊስ፣ የእምነት ተቋም፣ ነጋዴ፣ ወላጅና ወጣቱ ራሱ በአካባቢያቸው የመጠጥ፣ የትምባሆና የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳትን ለመከላከል አብረው የሚሠሩበት አደረጃጀት ነው። ሱስ የያዘውን ማከም የሐኪም ሥራ ነው። ጥምረቱ የሚደክመው ከዚያ በፊት ነው፤ ልጆች ጭራሽ እንዳይጀምሩ፣ ካልሆነም መጀመሪያው እንዲዘገይ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ተማሪው ክፍል ውስጥ ስለ መጠጥ ጉዳት ይማራል። ከግቢ ሲወጣ ሱቁ ዕድሜውን ሳይጠይቅ ይሸጥለታል። ቤት ሲገባ ደግሞ የት ነበርክ የሚለው የለም። ታዲያ ትምህርቱ ብቻውን ምን ሊያደርግ ነው?

ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት የነበረው ጥረት ባብዛኛው የተናጠል ዘመቻ ነበር።

በሰፊው የተጻፈለት የአሜሪካ ልምድ ነው። የጥምረቶቹ እናት ድርጅት ካድካ እ.ኤ.አ. በ1992 ተቋቋመ። በ1997 ደግሞ ከአደንዛዥ ዕፅ ነፃ ማኅበረሰቦችን የሚደግፍ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ የሚደገፍ ጥምረት የ12 ዘርፎች ተወካዮች ሊኖሩት ይገባል። ከወላጅና ከወጣት እስከ መገናኛ ብዙኃንና ሕግ አስከባሪ ሁሉም ወንበር አለው። አንድ ሰው ግን ሁለት ዘርፍ አይወክልም። ርዕሰ መምህሩ ልጆች ስላሏቸው ብቻ የወላጆችንም ወንበር ልያዝ ማለት አይችሉም። «ባለድርሻ አካላት» የሚለው ቃል በስብሰባ ብዛት ለሰለቸው አንባቢ ይህ ደንብ ደስ ይላል።

ድጋፉ በዓመት እስከ 125,000 ዶላር ሲሆን ለአምስት ዓመት ይሰጣል፤ ዳግም ተወዳድሮ ያሸነፈ እስከ 10 ዓመት ያገኛል። ጥምረቱ በበኩሉ የተሰጠውን ያህል ማዋጣት አለበት። መዋጮው ከ7ኛው ዓመት ጀምሮ ወደ 125 በመቶ፣ ከ9ኛው ጀምሮ ወደ 150 በመቶ ያድጋል። የበጎ ፈቃደኞች የሥራ ሰዓት በገንዘብ ተተምኖ መዋጮ ይሆናል። ነገሩ ብልህ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ጥምረቱ አብሮ እንዳይሞት ከወዲሁ ያለማምደዋል።

ሁሉም ጥምረት አልተሳካለትም። ሮበርት ዉድ ጆንሰን ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ የጤና በጎ አድራጎት ድርጅት በ1990ዎቹ «ፋይቲንግ ባክ» በሚል ፕሮግራም በበርካታ ከተሞች ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ። ከተሞቹ ከሌሎች አቻ ከተሞች ጋር ሲነጻጸሩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በጎ ፈቃድ ሞልቶ ነበር። በጎ ፈቃድ ግን ዕቅድ አይሆንም።

በሌላ መንገድ የሄደው «ኮሚዩኒቲስ ዛት ኬር» የተባለው የጥምረት አሠራር ነው፤ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ዴቪድ ሆኪንስና ሪቻርድ ካታላኖ የቀረጹት። እዚህ ጥምረቱ መጀመሪያ ተማሪዎችን በመጠይቅ ይጠይቃል። የአካባቢውን ትልልቅ የስጋት ምክንያቶች ይለያል። ከዚያ በጥናት የተፈተኑ ፕሮግራሞችን ብቻ ይመርጣል። በ2003 በሰባት የአሜሪካ ግዛቶች 24 ከተሞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ሙከራ ተጀመረ። ፕሮግራሙ በገባባቸው ከተሞች ያሉ ልጆች 8ኛ ክፍል ሲደርሱ ሲጋራ የመጀመር ዕድላቸው በ33 በመቶ፣ መጠጥ የመጀመር ዕድላቸው በ32 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዚህ መስክ እንዲህ ያለ ውጤት በየቀኑ አይገኝም።

አይስላንድም ስሟ ይነሳል። በ1998 ከ15 እና 16 ዓመት ልጆች መካከል ባለፈው ወር ሰክረናል ያሉት 42 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5 በመቶ ወርደዋል። ወላጆች፣ ትምህርት ቤቶችና ማዘጋጃ ቤቶች ተቀናጅተው ስፖርትና ኪነ ጥበብን ለልጆች አስፋፍተዋል፤ ልጆች ማታ ውጪ የሚቆዩበት ሰዓትም ተገድቧል። በእርግጥ በዚያው ጊዜ በሌሎች የአውሮፓ አገሮችም የወጣቶች መጠጥ ቀንሷል። ስለዚህ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ የጥምረቱ ነው ለማለት የሚያቅማሙ አሉ።

ዛሬም የሚያከራክረው የነጋዴው ወንበር ነው። ባለሱቁ ዕድሜ ጠይቆ እንዲሸጥ ከተፈለገ አብሮ መምከሩ ግድ ነው። አምራች ኩባንያዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አንቀጽ 5.3 አገሮች ፖሊሲያቸውን ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ጥቅም እንዲጠብቁ ያዛል። ለአልኮል እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ ስምምነት የለም።