የፖሊስ መርማሪ ተከታታይ ልቦለድ በደሴ አንባቢ ዓይን

የፖሊስ መርማሪ ተከታታይ ልቦለድ የሚባለው አንድ መርማሪ ወይም አንድ የፖሊስ ጣቢያ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተሻገረ በየጊዜው አዲስ ወንጀል የሚያጣራበት ድርሰት ነው። ዋናው ሰውዬ ደመወዝተኛ ነው። አለቃ አለው፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ ሌሊት ተረኛ ይሆናል። ከግል መርማሪ የሚለየው በዚህ ነው። ደሴ ላይ ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ዝነኛውን የልቦለድ የግል መርማሪ ሼርሎክ ሆምስን ያመጣል፣ ሌላው ደግሞ «እሱ እኮ ፖሊስ አይደለም፣ ማንም አይቆጣጠረውም» ብሎ ይመልሰዋል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሆምስ ደስ ያላለውን ጉዳይ አልቀበልም ማለት ይችላል፣ ፖሊሱ ግን ጠረጴዛው ላይ የመጣለትን ዶሴ ነው የሚይዘው።

ዘርፉ ዕድሜ ጠገብ ነው። ቤልጂየማዊው ዦርዥ ሲምኖን የፓሪሱን ኮሚሳር ሜግሬን ይዞ እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1972 ድረስ 75 ልቦለዶችና 28 አጫጭር ታሪኮች አሳትሟል። አሜሪካዊው ኤድ ማክቤይን የ87ኛውን ጣቢያ ፖሊሶች በ1956 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 2005 ድረስ ከ50 በላይ መጻሕፍት ጻፈላቸው። ስዊድናውያኑ ማይ ሾቫልና ፔር ቫሉ የስቶክሆልሙን ማርቲን ቤክን በ10 መጻሕፍት ብቻ ጨረሱት፣ ከ1965 እስከ 1975። ስኮትላንዳዊው ኢያን ራንኪን ደግሞ የኤድንብራውን ጆን ሪበስን በ1987 አስተዋወቀን። እኛ አገር የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ሲነሳ የይልማ ሀብተየስ ስም አይቀርም። የፖሊስ ታሪክ የማንበብ ልማድ ያስያዘን ሌላው ነገር «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣ ነው፣ እሱን ከአባቶቻችን እጅ ተቀብለን ነው ያነበብነው። ረጃጅሞቹን የውጭ ተከታታዮች ግን እኔ የማውቃቸው የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው፣ መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አድርገውም ቢሆን።

መጻሕፍቱ እጃችን የሚገቡበት መንገድ ለአስተያየታችን ወሳኝ ነው። ማንም ሱቅ ገብቶ ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 20 በተራ የሚገዛ የለም። አንዱ መንገድ ዳር ከተዘረጋ አሮጌ መጽሐፍ መሀል ይገኛል። አንዱን ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ይዞት ይመጣል። አንዱ ሽፋኑ ተገንጥሎ ነው የሚደርሰን፣ ርዕሱን የምናውቀው ከውስጥ ገጹ ነው። እኔ ልጅ እያለሁ መጽሐፍ በቀን ሂሳብ ይከራይ ነበር፣ ማስያዣ ትተን እንወስድና በማግስቱ ሂሳቡ እንዳይቆጥርብን ሌሊቱን በሻማ እንጨርሰው ነበር። አሁን ደግሞ ስልክ ላይ በፒዲኤፍ የሚያነብ ብዙ ነው። በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ ተራውን ጠብቆ አይመጣም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትልቁ ክርክር የቅደም ተከተል ክርክር ነው። አንድ ጓደኛዬ ሪበስን ያወቀው ሰውዬው 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ በሚወጣበት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው መጽሐፍ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ። ወጣቱን ሪበስ ሲያነብ እያንዳንዱ ጥፋት የት እንደሚያደርሰው አስቀድሞ ያውቅ ነበር፣ «የሰው የልጅነት ፎቶ ከቀብሩ ሲመለሱ እንደማየት ነው» ያለኝ ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ሌላዋ ወዳጃችን ይህን ፈጽሞ አትቀበልም። ተከታታይ ከመሀል የሚጀመር ከሆነ ደራሲው ለምን ደከመ ትላለች። እኔ እንደ መርማሪው ይለያያል ባይ ነኝ። ሜግሬን ከየትም ብትጀምሩት ግድ የለም። ሲምኖን ራሱ በ1934 ጡረታ አውጥቶት፣ ኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሥራው መልሶ ለአሥርተ ዓመታት ጽፎበታል፣ ስለዚህ ደራሲው ያልጠበቀውን ተራ አንባቢው ካልጠበቅሁ ብሎ ሊጨነቅ አይገባም። ማርቲን ቤክን ግን አደራ፣ ከአንደኛው ጀምሩ። ደራሲዎቹ ገና ሲነሱ 10 መጽሐፍ፣ እያንዳንዱ 30 ምዕራፍ ብለው አቅደው እንደ አንድ ረጅም ታሪክ ነው የጻፉት። ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ምዕራፉን እየተከፋፈሉ ይጽፉ ነበር። ሁለት የሕይወት አጋሮች እንዲህ ተናብበው የሠሩትን ሥራ ከመሀል መበጠስ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ዕድሜ ነው፣ እውነቱን ለመናገር የሁሉም ክርክር እናት ይሄ ይመስለኛል። መርማሪው ያርጅ ወይስ አያርጅ? የ87ኛው ጣቢያ ሰዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ አላረጁም ማለት ይቻላል። ስልኩ ይቀየራል፣ መኪናው ይቀየራል፣ የጣቢያው መርማሪ ስቲቭ ካሬላ ግን ያው ጎልማሳ ነው። ሪበስ በተቃራኒው ከአንባቢው ጋር እኩል ያረጃል፣ ጉልበቱ ይደክማል፣ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። እኔ በዕድሜ የሚገፋውን እወዳለሁ። ደሴ ላይ ሰው በሰፈሩ ነው የሚያረጀው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያየነው ጎረቤት ሽበት ሲያበቅል እናያለን፣ ምርኩዝ ሲይዝ እናያለን፣ አንድ ቀን በሩ ላይ ድንኳን ሲተከል እናያለን። 20 መጽሐፍ አብሮኝ የኖረ መርማሪም እንደዚያ ጎረቤት ነው የሚሆንብኝ። የማያረጀውን የሚመርጡት ሰዎች መልስ ደግሞ ከባድ ነው። «ሌላው ሁሉ እየተለወጠብን አንድ ሰው እንኳ ባለበት ይቆየን» ይላሉ። እዚህ ላይ መልስ የለኝም።

ስለ ካሬላ ካነሳሁ አይቀር፣ ማክቤይን በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ሊገድለው ነበር። የዋና ገጸ ባሕርይ ነገር አላሳሰበውም፣ ምክንያቱም ዋናው ባለታሪክ ጣቢያው ራሱ ነው ብሎ ያምን ነበር። አሳታሚው ግን አይሆንም አለ፣ ካሬላ ተረፈ። ይህን ለማያውቅ አንባቢ ስነግረው ፊቱ ላይ የሚታየው ድንጋጤ የእውነት ዘመዱ ከሞት እንደተረፈ ዓይነት ነው።

ሦስተኛው የቤት ጉዳይ ነው። የወሎ አንባቢ ወንጀሉን ትቶ ሰውዬው ማታ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ይጠይቃል፣ በተለይ ሴቶቹ አንባቢዎች። ማዳም ሜግሬ በዚህ ፈተና አንደኛ ናት። ባሏ ለምሳ ይምጣ አይምጣ ሳታውቅ ሠርታ ትጠብቃለች፣ ስለ ሥራው አትጨቀጭቀውም። አንዲት አክስቴ ታሪኩን ስተርክላት «ታዲያ እሷ መቼ ነው የምታርፈው?» አለችኝ፣ ከዚያ ወዲህ እነዚያን ምሳዎች እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልኩም። የካሬላ ሚስት ቴዲ መስማትም መናገርም የማትችል ናት፣ እሱም ሲያናግራት ከንፈሩን እንድታነብ ፊቱን ወደ እሷ ያዞራል። ብዙዎቻችን የምንወዳቸው ጥንዶች እሷና እሱ ናቸው። የቤክ ትዳር ግን ቀስ እያለ ይፈርሳል፣ ሪበስም ከተፋታ ቆይቷል፣ ማታውን መጠጥ ቤት ነው የሚያሳልፈው።

ቅሬታም አለ። ዝግታ አንዱ ነው። የቤክ የመጀመሪያ ታሪክ ላይ ሬሳው ከቦይ ውስጥ ከወጣ በኋላ ምርመራው ወራት ይፈጃል፣ ፖሊሶቹ ደብዳቤ ልከው መልስ ይጠብቃሉ፣ ጉንፋን ይይዛቸዋል፣ ምንም ያልተገኘበት ቀን በቀን ላይ ይደራረባል። ይህን ያልወደደ ሰው አይፈረድበትም። እኔ ግን መጠበቁን ነው የወደድኩት፣ ቢሮ ጉዳይ ኖሮት ዛሬ ነገ ሲባል የከረመ ሰው ያንን መጠበቅ ያውቀዋል። ድግግሞሽ ሌላው ቅሬታ ነው። 50 መጽሐፍ የጻፈ ሰው ሁሉንም እኩል አድርጎ ሊጽፍ አይችልም፣ ይህን ተቀብሎ ማንበብ ነው።

«እንዲህ ያለ ፖሊስ የት አለ?» የሚል ጥያቄም ሁሌ ይነሳል። ስዊድናውያኑ ግን ፖሊስን ለማሞገስ አልጻፉም። የግራ ፖለቲካ ሰዎች ነበሩ፣ ሀገራቸው ለሰው ሁሉ ምቹ ናት የሚባለውን በወንጀል ታሪክ በኩል ነው የመረመሩት። ቤክ ጥሩ ሰው ነው፣ የሚሠራበት ተቋም ግን ከመጽሐፍ መጽሐፍ እየከፋ ይሄዳል። ይህን ልዩነት የያዘ አንባቢ ክርክሩ ይጠራለታል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተይዘው ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲለቀቁ፣ ከሸሸበት የተመለሰ ሰው ቤቱ መጀመሪያ የሚፈትሸው መጽሐፉን አልነበረም። ቆይቶ ግን መጽሐፉም ትዝ አለ። የአንዳንዱ መደርደሪያ ተራው ተዛንፏል፣ 4 እና 5 አሉ፣ 6 የለም። ከዚያ በኋላ የግድያ ታሪክ አላነብም ያለ ሰው አውቃለሁ፣ ሬሳ የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ ከድሮው ይበልጥ ማንበብ ጀመረ። ምክንያቱን ሲነግረኝ እነዚህ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሰው ሞቶ ሲገኝ፣ ምንም ድሃ ቢሆን፣ ማን ገደለው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ አለኝ። ሁለቱንም አከብራለሁ።

አንዲት ኮምቦልቻ የምትኖር ወዳጃችን የቤክን ዘጠኙን መጻሕፍት በተራ ጨርሳለች። አሥረኛው በወጣበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1975 ፔር ቫሉ ሞቷል፣ አሥራ አንደኛ የለም። ባለፈው ክረምት ሐረጎን ወርጄ ቤቷ ስሄድ አሥረኛው መስኮቱ ላይ ተቀምጦ አየሁት፣ ገና አልተከፈተም። ጀምሪው እንጂ አልኳት። «አብሽር፣ የትም አይሄድብኝም» አለችና ቡናውን ቀዳችልኝ።