አር ቫልዩ ምንድን ነው? የመኝታ ምንጣፍ ሙቀትና የሸክም ክብደት

ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ጨነቅ ካምፕ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባደርኩበት የመጀመሪያ ሌሊት የገባሁበት ስሊፒንግ ባግ (ገብተው የሚተኙበት የመኝታ ከረጢት) ወፍራምና ውድ ነበር። ከባሕር ዳር ስነሳ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ነበር። ከሥሬ ያነጠፍኩት ግን ለስፖርት የሚሸጠውን ስስ ምንጣፍ ነው፤ ቀላል፣ ተጠቅልሎ ከቦርሳ ጎን የሚታሰር። እኩለ ሌሊት ላይ ደረቴ ሞቆ ሳለ ጀርባዬና ዳሌዬ በረዶ ሆኑ። በጎን ስተኛ ትከሻዬ፣ በሆዴ ስተኛ ጉልበቴ። ዓይኔ ሳይከደን ነጋ። በማግስቱ ማታ ጓዛችንን የጫነው በቅሎ ነጂ ነገሩን ሲሰማ ምንም ሳይል አንድ አጎዛ አምጥቶ ከሥሬ አነጠፈልኝ። ያው ስሊፒንግ ባግ፣ ያው ድንኳን፣ ያው ውርጭ፤ እስኪነጋ ግን አልነቃሁም።

በአጎዛው እና በእኔ ምንጣፍ መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ይለካል። ቁጥሩ አር ቫልዩ ይባላል።

አር ቫልዩ አንድ ነገር ሙቀት በውስጡ እንዳያልፍ ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚናገር ቁጥር ነው። የቤት ግድግዳና ጣሪያ የሚገነቡ መሐንዲሶችም ይጠቀሙበታል። ለመኝታ ምንጣፍ የራሱ የአለካክ ደረጃ የወጣለት በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ይለካ ስለነበር የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም ነበር። አሁን ምንጣፉ በሁለት ሳህኖች መካከል ይደረጋል፤ የላይኛው እንደ ሰው ገላ 35 ዲግሪ ይሞቃል፣ የታችኛው እንደ ቀዝቃዛ መሬት 5 ዲግሪ ይሆናል። የላይኛውን እንደሞቀ ለማቆየት ምን ያህል ኃይል እንደፈጀ ይታያል። ጥቂት ከፈጀ ምንጣፉ ጥሩ ነው፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል።

ለመሆኑ ስሊፒንግ ባጉ ራሱ ከታችስ ለምን አይከላከልም? የሚያሞቀን ጨርቁ ወይም ላባው አይደለም፤ በመካከሉ የታሰረው አየር ነው። ስንተኛበት ክብደታችን ያንን አየር ጨምቆ ያስወጣዋል፤ ከጀርባችን ሥር የሚቀረው ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። ጋቢም እንዲሁ ነው። አራት እጥፍ ሆኖ ከላይ ሲለበስ ያሞቃል፣ ሲተኙበት ግን ይጨመቃል። አጎዛ ለየት የሚለው ጸጉሩ የሰው ክብደት ሲያርፍበት እንኳ ሙሉ በሙሉ ስለማይጨመቅ፣ በመካከሉ አየር ስለሚያስቀር ነው። ደገኛው ይህን ያወቀው ያለ ሳህንና ያለ ቁጥር ነው። ለዚህ እውቀት ያለኝ አክብሮት ከዚያ ሌሊት ወዲህ ጨምሯል።

ጣና ዳር ያደገ ሰው ነገሩን ለመረዳት ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ማሰብ ይበቃዋል። የደንገል ግንድ ሲቆረጥ ውስጡ ነጭና ስፖንጅ የሚመስል፣ በጥቃቅን የአየር ክፍሎች የተሞላ ነው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ይህ አየር ነው። ለጉዞ የሚሠራው ጠንካራ የፎም ምንጣፍም እንደዚያው ነው፤ እያንዳንዷ ቀዳዳ በራሷ የተዘጋች ስለሆነች አየሩም አይወጣም፣ ውሃም አይገባም። የቤት ፍራሽ የሚሠራበት ተራ ስፖንጅ ግን ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ ሲጫኑት አየሩ ይወጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ውሃውን ይጠጣል። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ እርጥብ ስፖንጅ ላይ መተኛት መሬቱ ላይ ከመተኛት ብዙም አይሻልም። ታንኳም ቢሆን ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቁ ወጥቶ እንዲደርቅ የሚደረገው በከንቱ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፦ ውፍረት ሙቀት ማለት አይደለም። በአየር የሚነፋ፣ አንድ ስንዝር የሚያህል ባዶ ፍራሽ ለጎን ይመቻል፣ ግን ያስበርዳል። በውስጡ ያለው አየር ሰፊ ቦታ ስላገኘ ይዘዋወራል፤ ከላይ ያለውን ሙቀት ወደ ታች ያወርደዋል። አየር የሚጠቅመው በትንንሽ ክፍል ታስሮ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ነው። ለተራራ የሚሠሩ ዘመናዊ የሚነፉ ምንጣፎች ውስጣቸው በስስ ሽፋኖች የተከፋፈለውና ሙቀት የሚመልስ አንጸባራቂ ፕላስቲክ የተደረገባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሸክሙ። የጀርባ ቦርሳ ተሸክሞ የሄደ ሰው እያንዳንዱ ግራም ዳገት ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ምንጣፍ ይሞቃል የሚለው ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ግራም ምን ያህል ሙቀት እገዛለሁ የሚለው ነው። እስቲ እናስላው። ገላችን ምንጣፉን የሚነካበት ስፋት ከአንድ ካሬ ሜትር ሦስት አሥረኛውን ያህል ነው እንበል፤ ሙቀቱም እንደ ላቦራቶሪው ከላይ 35፣ ከታች 5 ይሁን። አር ቫልዩ 1 የሆነ ምንጣፍ ወደ 50 ዋት ያህል ሙቀት ወደ መሬት ያሳልፋል። 2 ሲሆን ወደ 25 ይወርዳል፣ 4 ሲሆን ወደ 13፣ 8 ሲሆን ወደ 6። የተኛ ሰው ገላ የሚያመነጨው 70 ወይም 80 ዋት ገደማ መሆኑን አስቡ። በእርግጥ ቆዳችን ራሱ ስለሚቀዘቅዝ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል፣ አካሄዱ ግን አይለወጥም።

የሚያስተምረን ይኸው አካሄድ ነው። ከ1 ወደ 2 ስንወጣ 25 ዋት እናተርፋለን። ከ4 ወደ 8 ስንወጣ ግን ምንጣፉን በእጥፍ አሻሽለን የምናተርፈው 6 ወይም 7 ዋት ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ግራሞች ወርቅ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ለሰውየው ሳይሆን ለሻጩ ይጠቅማሉ። እኔ ያን ሌሊት የቀጣሁት ገላዬን ነው፤ ከሥሬ ጥቂት መቶ ግራም ላለመጨመር ብዬ ከላዬ ውድ ነገር ተሸከምኩ።

በገበያው ላይ ያለውን ለማየት፦ ታዋቂው የሚታጠፍ የፎም ምንጣፍ፣ የቴርማሬስቱ ዜድ ላይት ሶል፣ 410 ግራም ይመዝናል፣ አር ቫልዩው 2 ነው። የዚያው ኩባንያ የሚነፋው ኒዮኤር ኤክስላይት 370 ግራም ገደማ ሆኖ 4.5 ይደርሳል፤ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው፣ እሾህ ካገኘውም ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ጨርቅ ላይ ነው የምትተኙት። የእኛ አገር ሜዳ ደግሞ እሾህ አያጣም። የአር ቫልዩ ጥሩነቱ ግን የሚደመር መሆኑ ነው። ሁለቱን ብታነባብሯቸው 6.5 ይሆናሉ፣ ከኪሎም በታች ናቸው። የቤት ምንጣፍ፣ ቁርበት፣ የታጠፈ ጋቢ ከሥር ቢጨመርም ትንሽም ቢሆን ይደመራል። እኔ ራሴ ዛሬ የምመርጠው ፎሙን ነው፤ ቢወጋም አይተነፍስም፣ ለዕረፍት ስንቆም ደግሞ ድንጋይ ላይ ጥሎ ለመቀመጥ ይመቻል።

ስንት ይበቃል ለሚለው መልሱ ከፍታው ነው። በአማካይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ፣ ወይና ደጋ ናት፤ በታኅሣሥ ሌሊት 10 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን፣ ጨነቅ ላይ በስሌቱ ከዜሮ በታች ሁለት ይሆናል። አባቶቻችን ያንን ከፍታ ውርጭ ብለው የሰየሙት ለዚህ ነው። በጣና ዳር፣ ዘጌ ቡና ሥር ለሚያድር ሰው 1 ወይም 2 ይበቃዋል፤ የቀረውን ሸክም ለአጎበር ይተው፣ ምክንያቱም እዚያ የሚያሳስበው ብርድ ሳይሆን ወባ ነው። ለጉና፣ ለጮቄ፣ ለሰሜን ከ3 እስከ 4 ያለው በእኔ ግምት ልክ ነው፤ ሴቶች፣ ቀጫጮችና በተፈጥሮ የሚበርዳቸው ሰዎች ወደ 5 ቢጠጉ አይከፋም። ከ6 በላይ ያለው በበረዶ ላይ ለሚተኛ ሰው የተሠራ ነው።

ጓዙን በቅሎ የሚሸከም ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል። በሰሜን ተራሮች ብዙው ሰው የሚሄደው በቅሎ ይዞ ነው፤ ያኔ ግራም መቁጠር ትርጉም የለውም፣ ወፍራሙን ይዛችሁ ሂዱ። በራስ ትከሻ ለሚሄድ ግን ምቾት ቅንጦት አይደለም። ሌሊት ያልተኛ ሰው በማግስቱ 10 ኪሎው እንደ 20 ይከብደዋል፤ ዳገቱ ላይ የሚሰናከለውም እሱ ነው። ስለዚህ 400 ግራም ከሥር ጨምሮ እንቅልፍ መግዛት ከሸክሙ ሁሉ ርካሹ ነው። የስሊፒንግ ባግ ላይ የተጻፈው ዲግሪ ራሱ የሚለካው ከሥሩ የሚከላከል ምንጣፍ ተነጥፎለት እንደሆነም አትርሱ። ያለ ምንጣፉ ያ ዲግሪ እውነት አይሆንም።

ቁጥር ያልተጻፈበት ምንጣፍ ከገዛችሁ፣ ወይም አሮጌ ፎም ቤት ውስጥ ካላችሁ፣ ከመንገድ በፊት ቤታችሁ ፈትኑት። በታኅሣሥ ሌሊት ሊሾው ላይ አንጥፉና ስስ ልብስ ለብሳችሁ ግማሽ ሰዓት በጎን ተኙ። ዳሌና ትከሻችሁ ያረፉበት ቦታ ላይ የሊሾው ቅዝቃዜ እየተሰማችሁ ከመጣ፣ ጮቄ ላይ ምን እንደሚጠብቃችሁ አሁኑኑ አወቃችሁ ማለት ነው።