የራስን የቼዝ ጨዋታ መርምሮ ምልክት መስጠት

ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ ቼዝ የሚጫወት ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ጥላ ነው፤ የከተማዋ ሰፈር ከዚራ ደግሞ ዛፍ አይጎድላትም። እኔና ጓደኛዬ የምንጫወተው እዚያ ነው። ጨዋታው አልቆ ጠጠሮቹ ሲሰበሰቡ ክርክሩ ይጀምራል። «ፈረሱን ባታነሳው ኖሮ!» «አቦ ተው፣ ባላነሳውም አልቆልኝ ነበር!» ይህን ክርክር ደብተር ላይ አስፍሮ ለእያንዳንዱ እርምጃ ዋጋ መስጠት ነው እንግዲህ ጨዋታን መተንተን የሚባለው።

ምልክቶቹ ጥቂት ናቸው። ጥሩ እርምጃ አንድ ቃለ አጋኖ (!) ያገኛል፣ ድንቅ ከሆነ ሁለት (!!)። ስህተት አንድ የጥያቄ ምልክት (?)፣ ጨዋታውን የሚገድል ስህተት ሁለት (??)። ሰው የሚምታታበት የተደባለቁት ላይ ነው። !? ማለት «ይቺ መታየት አለባት» ሲሆን ?! ደግሞ «ትጠረጠራለች፣ ግን ስህተት ናት ብዬ አልደፍርም» እንደማለት ነው። ምልክቶቹ ቀድሞም ነበሩ። በዓለም ዙሪያ አንድ ቋንቋ እንዲሆኑ በጣም የረዳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1966 ቤልግሬድ ውስጥ የተጀመረው ቼስ ኢንፎርማንት የተባለው የቼዝ ኅትመት ነው፤ ትንታኔውን በቃላት ሳይሆን በምልክት ስለሚያትም ሩሲያዊውም ስፔናዊውም እኩል ያነበዋል።

የኛው የጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ግን ለዚህ አይመችም። ወረራ በሚባለው መክፈቻው ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። እርምጃው ካልተቆጠረ ምኑ ላይ ምልክት ይደረጋል?

ትልቁ ወጥመድ እርምጃን በውጤቱ መመዘን ነው። ሁሉም ጀማሪ የሚያውቃትን የአራት እርምጃ ማት (ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው የሚያልቅበትን) እንይ። ነጭ ወታደሩን ኢ4 (ፊደሉና ቁጥሩ የሰሌዳው ቤት ስም ናቸው)፣ ጥቁር ኢ5። ነጭ ቢሾፕ ሲ4፣ ጥቁር ፈረስ ሲ6። ከዚያ የነጭ ንግሥት ኤች5 ላይ ትወጣለች፣ ጥቁር ሳያስተውል ሌላኛውን ፈረስ ኤፍ6 ላይ ያወጣል፣ ንግሥቲቱ ኤፍ7 ላይ ወታደር በልታ ማት። ያሸነፈ ልጅ ለንግሥቲቱ መውጣት ቃለ አጋኖ ይሰጣል። እኔም ልጅ ሆኜ ሰጥቻለሁ። ግን ጥቁር የጂ ወታደሩን አንድ ቤት ቢገፋ ኖሮ ንግሥቲቱ መሸሽ ነበረባት፣ እሱ ደግሞ እሷን እያባረረ ጠጠሮቹን ያወጣ ነበር። ስለዚህ ?? የሚገባው ለጥቁር ፈረስ ነው፣ የንግሥቲቱ መውጣት ግን ቢበዛ ?! ቢያገኝ ነው፤ ያሸነፈው እርምጃው ሳይሆን የተጋጣሚው ስህተት ነውና።

ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ ስቶክፊሽ የሚባለውን የቼዝ ፕሮግራም በነፃ ያገኛል። ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይም አለ። ማሽኑ የሚሰጠው ቁጥር ሲነበብ 1 ማለት በግምት የአንድ ወታደር ብልጫ ነው። ቁጥሩን ግን ዝም ብሎ መቀነስና መደመር አያዋጣም። ብልጫህ ከ9 ወደ 6 ቢወርድ ያው አሸናፊ ነህ፣ ምልክትም አያስፈልገውም። እኩል ከነበርክበት ወደ 2 ተቀንሶ (-2) ከወረድክ ግን ጨዋታው እጅህ ላይ ተበላሽቷል፣ እዚያ ላይ ? ይጻፍ። ከፊትህ አንድ ብቻ ሕጋዊ እርምጃ ካለም ቃለ አጋኖ የሚባል ነገር የለም፣ ምርጫ አልነበረህማ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ማሽኑን ከመክፈታችሁ በፊት የራሳችሁን ሐሳብ እንድትጽፉ ነው። ምን አይታችሁ ነበር? ምን ፈርታችሁ ነበር? ስንት ደቂቃ ቀርቷችሁ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቦትቪኒክ ተጫዋቾች የራሳቸውን ጨዋታ ተንትነው እንዲያሳትሙ ይመክር ነበር፣ ሌሎች አይተው ስህተታቸውን እንዲነግሯቸው። እኛ ማተሚያ ቤት ባይኖረንም ደብተሩን ለተጋጣሚያችን ማሳየት እንችላለን። እሱ የፈራውን ማሽኑ አይነግራችሁም።

ባለፈው አንድ ጨዋታ ላይ ተሸንፌ ሳለሁ ፈረሴን ሰውቼ የጓደኛዬን ንጉሥ ከምሽጉ አስወጣሁት። ማሽኑ ከፈረሱ በፊት 4 ተቀንሶ (-4) ይለኛል፣ ከፈረሱ በኋላ 6 ተቀንሶ (-6)። ጓደኛዬ «በነፃ የሰጠኸኝ ፈረስ ነው፣ ? ነው የሚገባው» አለኝ። እኔ !? ነው የጻፍኩት። በአራት እርምጃ ማቷ ያየነው የንግሥቲቱ መውጣት እኩል የነበረ ጨዋታ ላይ የተደረገ ቁማር ነው፣ የኔ ፈረስ ግን የሚያጣው ነገር አልነበረም፤ ትክክለኛ መልሱም አንድ ብቻ ነበር፣ እሱንም ጓደኛዬ ረጅም ጊዜ አስቦ አላገኘውም። በደብተሬ አንደኛው ገጽ ላይ የኔ !? አለች፣ ከጎኗ ደግሞ በሱ እጅ ጽሑፍ የተጻፈች ? አለች። ሁለቱንም ትቻቸዋለሁ።