ሽለላ በሳክስፎን፦ የይፋቱ ጌታቸው መኩሪያ መንገድ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ስትሄዱ ጣርማ በር ላይ ጉም ይቀበላችኋል። ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል። ከዚያ በታች የሚጀምረው ሞቃት አገር ይፋት ነው። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ እያለ ይቀጥላል። በመጋቢት 1927 ዓ.ም. እዚህ ይፋት የተወለደው ጌታቸው መኩሪያ በኋላ የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ ተባለ። ስሙ የሚነሳው በአንድ ነገር ነው፤ ከጀግና አፍ የሚወጣውን ሽለላ ወደ ሳክስፎን ማስገባቱ።

ሽለላ፣ ፉከራና ቀረርቶ በሰው አፍ ይምታታሉ። በጥቅሉ ቀረርቶና ሽለላ ዜማ አላቸው፣ ፉከራ ወደ ንግግር ያደላል። ሦስቱም ግን አንድ ቤት ውስጥ ያደጉ ናቸው። ሰውየው ብድግ ይላል። ዱላውን ወይም ጠመንጃውን ይጨብጣል። «ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!» ብሎ ይጀምራል። ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ የአባቱን ስም፣ የጌታውን የፈረስ ስም ይጠራል። (አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ በፈረስ ስማቸው «አባ ዳኘው» ነበሩ፤ ስንቱ ፎክሮበታል!) ከዚያ ቃሉን በቃል ላይ ይደራርበዋል። ትንፋሹ አለቀ ስትሉ ይቀጥላል። ድንገት ደግሞ ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ የሽለላው ግማሽ ናት። ሕዝቡ በጉምጉምታና በእልልታ ይሞላታል።

በሰሜን ሸዋ ይህ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ጣሊያን አገር በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ የአበበ አረጋይ አርበኞች በዚህ ተራራና ገደል ይዋጉ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ጌታቸው የአንድ ዓመት ሕፃን ነው፣ ሲወጣ የስድስት ዓመት ልጅ። ያኔ የሚፎክር ሰው ከመጽሐፍ አንብቦ አይደለም የሚፎክረው።

ጌታቸው የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነው። ክላርኔትና ሳክስፎን በኋላ የመጡ ናቸው። ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው ያለው። ጣት የሚያርፍበት የተከፋፈለ ቦታ የለውም፣ ስለዚህ ጣቱ ተንሸራቶ ከድምፅ ወደ ድምፅ ይሄዳል። ሳክስፎን ደግሞ ቤልጂየማዊው አዶልፍ ሳክስ ሠርቶት በ1846 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ ነው። አካሉ ናስ ቢሆንም ድምፁን የሚፈጥረው ከሸምበቆ የምትሠራ ስስ ምላስ ናት፤ ሪድ ይሏታል። ቁልፎቹ ቦታቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ነፊው ከንፈሩን ላላ ወይም ጠበቅ ሲያደርግ ድምፁ ይለመጣል። ከጉሮሮው እያጉረመረመ ሲነፋ ይሻክራል። ጌታቸው የሠራው እዚች ላይ ነው። ቁልፍ የበዛበትን ዕቃ እንደ ማሲንቆ አንሸራተተው፣ እንደ ፎካሪ አስጮኸው።

ሥራው የተጀመረው አዲስ አበባ ነው። በ1941 ዓ.ም. ገደማ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ውስጥ ገባ። የዘመናዊ ባንድ ነገር እዚህ አገር ከአርመኖች ጋር የተሳሰረ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው ወላጅ አልባ የአርመን ወጣቶች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ እና አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን መሠረቱን ጣሉ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱም በቴአትር ቤቱም ሙዚቀኛ ሲያሠለጥንና ሙዚቃ ሲያቀናብር ኖረ። የአገሬውን ቅኝት ለብዙ መሣሪያ እያከፋፈሉ መጻፍ የተለመደው በእነዚህ ቤቶች ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ጌታቸው ወደዚያ ኦርኬስትራ ሄደ። በ1957 ዓ.ም. ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ። የያኔ ሙዚቀኛ የመንግሥት ደሞዝተኛ ነው። ዛሬ ማርሽ፣ ነገ ለቴአትር አጃቢ፣ ማታ ዘፋኝ አጃቢ። ከነአለማየሁ እሸቴና ሂሩት በቀለ ጀርባ ሆኖ ነፍቷል። ሁለገብነት የምንለው ነገር ለእነሱ ምርጫ ሳይሆን የሥራ ግዴታ ነበር ማለት ይቻላል።

ሽለላውን ግን ማንም አላዘዘውም። ያለ ቃል፣ ያለ ዘፋኝ፣ በቴነር ሳክስፎን ብቻ ሽለላ ካስቀረፁት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ ለምድ ደርቦ፣ የአንበሳ ጎፈር ራሱ ላይ አድርጎ ነው። በሱፍና በክራቫት ባንድ መሀል አስቡት። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ አምሃ እሸቴ በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የመንግሥት ሞኖፖል ተሰብሮ ገበያው ደርቶ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ በ1960ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ፊሊፕስ ኢትዮጵያ የጌታቸውን ሙሉ የመሣሪያ ሙዚቃ ሸክላ አወጣ። «ሽለላ»፣ «አንቺሆዬ»፣ «አምባሰል» እና «አካሌ ውቤ» ከዚያ ዘመን ሥራዎቹ ናቸው።

«ሽለላ»ን ያላዳመጠ ሰው ካለ ቀስ ብሎ ያዳምጠው። ሳክስፎኑ ረጅም ድምፅ ይይዝና ያንቀጠቅጠዋል፤ ያ «ዘራፍ» ነው። ከዚያ ድምፆቹ ተጋፍተው ይወርዳሉ፤ ያ ደግሞ ፎካሪው የአባቶቹን ስም ሲደረድር ነው። የባንዱ ሥራ እንደ ሕዝቡ መቀበል ነው። የፈረንጅ ሐያሲዎች ይህን ሲሰሙ የአሜሪካኖቹን ፍሪ ጃዝ (የተለመደውን የጃዝ ሕግ የጣሰ ሙዚቃ)፣ እነ ኦርኔት ኮልማንንና አልበርት አይለርን ጠቀሱ። መመሳሰሉ አለ፣ አይካድም። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። እነዚያ ሕግ እየጣሱ ነው የጮኹት። እሱ ግን ሕግ እያከበረ ነው፤ የሽለላን ሕግ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ መጣ። የማታ ቤት ቀዘቀዘ፣ ሸክላም በካሴት ተተካ። ብዙ ሰው ተሰደደ። ስለዚህ ዘመን ብዙ ስለተጻፈ እዚህ አልደግመውም።

ሁለተኛው ዕድል የመጣው ከውጭ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ በ1997 እ.ኤ.አ. ጀመረ። 14ኛው ቅጽ የጌታቸው ነው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዚያ ላይ ሲኒማ ረዳ። ጂም ጃርሙሽ በ2005 እ.ኤ.አ. «ብሮክን ፍላወርስ» ለሚለው ፊልሙ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች ማጀቢያ ሲያደርጋቸው ስለ አገራችን ሙዚቃ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ መፈለግ ጀመረ። ፓሪስ ውስጥ የተቋቋመ አንድ ባንድ እንዲያውም ስሙን «አካሌ ውቤ» ብሏል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የሆላንዶቹ ነገር ነው። «ዘ ኤክስ» የፓንክ ባንድ ነው፤ ጊታሩ እንደ መጋዝ የሚጮህ። 25ኛ ዓመታቸውን በ2004 እ.ኤ.አ. ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዙት። ወደ 70 የተጠጋ ሰው ነው። ወደዳቸው። ለሚቀጥለው አልበሙ እነሱ እንዲያጅቡት የጠየቃቸው ራሱ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞአ አንበሳ»፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» ወጡ። ጊታሮቹ ከኋላ ሲያጓሩ ፎካሪውን የከበበ ሕዝብ ይመስላሉ። ጌታቸው ያረፈው በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ነው፣ በ81 ዓመቱ።

ዛሬ በሰሜን ሸዋ ሰርግ ቤት ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። ኪቦርድ ውስጥ ገብቷል፤ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ «ሳክስ» ማድረግ ነው። አንድ ጥር ሸዋ ሮቢት ሰርግ ላይ ነበርኩ። እስክስታው ሲሟሟቅ ጋቢያቸውን ያጣፉ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ተነሱና «ዘራፍ!» አሉ። ኪቦርዲስቱ ልጅ ደነገጠ። ምቱን ሊያስከትልላቸው ሞከረ፣ እሳቸው ምት አይጠብቁም። ምቱን አጠፋው። እጁን አንስቶ ጠበቀ። ሽማግሌው ትንፋሻቸው አልቆ ዝም ሲሉ ልጁ የሳክስን ድምፅ አወጣና አንዲት ረጅም ኖታ ይዞ አንቀጠቀጣት። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት። ዱላቸውን ወደ እሱ ቀሰሩና እንደገና ጀመሩ።